ሃያ አራት ዓመት የዘገየ መርዶ

ወገኖቼ፣ ከፌርፋክስም ከቶራንስም ሥራችሁን ትታችሁ ልታስተዛዝኑን የመጣችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህን የሕይወት ታሪክ የማነብላችሁ እኔ የእትዬ ፋናዬ ታናሽ ወንድም ኅሩይ ነኝ፤ ብሰናከል ታገሡኝ።

እትዬ ፋናዬ በ1935 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ተወልደው፣ ፊደልን ከአባታችን ዘንድ ቆጥረው፣ አዲስ አበባ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብተው የታሪክ አስተማሪ ሆኑ። ከአቶ አበበ ጋር በተክሊል ተጋብተው ጌድዮንንና ዶርካስን ወለዱ፤ አቶ አበበ ግን ልጆቹ ነፍስ ሳያውቁ በሕመም ተለዩአቸው።

ከታሪክ ሁሉ የሚወዱት የእቴጌ ሰብለ ወንጌልን ነበር። የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት የነበሩት እኚህ ንግሥት፣ ከኢማም አሕመድ ጋር በተደረገው ጦርነት የበኩር ልጃቸውን አጥተው፣ ባላቸውን በስደት ቀብረው፣ ልጃቸው ሚናስ ተማርኮ ባሕር ማዶ ቢወሰድባቸውም፣ የኢማሙ ልጅ በተራው ሲማረክ ልጅ በልጅ ተለውጦ ሚናስ ተመለሰላቸው። እትዬ ሌላውን ዘመን በጥድፊያ አልፈው እዚህ ላይ ሦስት ሳምንት ይቆያሉ እየተባሉ በተማሪዎቻቸው ይታሙ ነበር።

ጌድዮን ለብሔራዊ ውትድርና ዘምቶ በ1980 ዓ.ም. በሰሜን ግንባር ተማረከ። ጦርነቱ ሲያበቃ እትዬ ምርኮኞች በሚወርዱበት አውቶቡስ ሁሉ በር ላይ ቆመው የሰው ፊት ሲያዩ ከረሙ፤ እሱ ግን አልወረደም። ዘመድ ቁርጡን ይወቁ፣ ተዝካሩን ያውጡ ሲላቸው፣ እቴጌይቱ ለሚናስ መች ተዝካር አወጡ ብለው አፍ ያስይዙ ነበር።

ዲቪ ደርሷት ቀድማ የመጣችው ዶርካስ በ1990 ዓ.ም. ወደዚህ አገር አስመጣቻቸውና፣ ቶራንስ ውስጥ አረጋውያንን እየተንከባከቡ ይሠሩ ነበር። ዌስት አዳምስ ሰፈር በነበረው አፓርትመንታቸው ለጌድዮን አልጋ አንጥፈው፣ አንሶላውን በየቅዳሜው ይቀይሩ ነበር። እንግዳ እዚያ አይተኛም፤ እኔ ራሴ ስንቴ ሶፋው ላይ ወገቤ ተቆርጦ አድሬያለሁ።

በ1993 ዓ.ም. ከጌድዮን ጋር የተማረከ ዘሪሁን የሚባል ሰው ወደዚህ ከተማ መጥቶ፣ ጌድዮን በምርኮ ሳለ በወባ መሞቱንና በገዛ እጁ መቅበሩን ነገረኝ። መርዶ በስልክ አይነገርምና፣ አራት ሽማግሌዎች፣ ዶርካስና እኔ ነጠላችንን አጣፍተን በማለዳ ሄድን። እትዬ በሩን ከፍተው ፊታችንን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ አስገብተው አስቀመጡንና፣ ለአንዳችንም የመናገር ፋታ ሳይሰጡ፣ የእቴጌይቱን ታሪክ ከመጀመሪያው ይተርኩልን ጀመር፤ ሚናስ የተመለሰበት ላይ ሲደርሱ ተነሥተው ቁርስ አቀረቡልን። ወይ ጉድ! ያ ሁሉ ሽማግሌ ቁርሱን በልቶ፣ መርዶውን እንደያዘ ተመለሰ።

ጾም ነው፣ ደም ግፊታቸው ጨምሯል፣ በዓሉ ይለፍ ስንል ዓመቱ ነጎደ። ፈሪ እኔ ነኝ፤ ሌላውን አትውቀሱ። ጌድዮን በሕልሜ እየመጣ ለእናቴ ንገርልኝ ይለኛል፤ እሺ እለዋለሁ፣ ሲነጋ ግን አንደበቴ ይታሰራል። እትዬም ከዚያች ማለዳ ወዲህ ስለ እሱ ማንንም ጠይቀው አያውቁም፤ አንሶላውን መቀየር ግን አልተዉም። ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም? እግዜር ይወቀው።

ለሁለት ዓመት በልብ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ከማረፋቸው በፊት በሕይወት ትተዋቸው የሚሄዱትን ሰዎች ስም በእጃቸው ጽፈው፣ ሳልለውጥ እንዳነብ አስማሉኝ። የመጀመሪያው ስም ጌድዮን ነው።

እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ በቤተ ክርስቲያን ቆሜ የሞተን ሰው አለ ብዬ አላነብም። ሬሳዎ ፊት ቆሜ እነግርዎታለሁ፤ ጌድዮን ሞቷል። ከሞተ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ተቀብሯል፣ የቀበረውም ሰው እዚህ ቆሟል።

ትተውን የሄዱት፣ ልጃቸው ዶርካስ፣ የልጅ ልጃቸው ሃኒና እኔ ወንድማቸው ነን። አባቶች፣ ፍትሐቱን ስታደርሱ የእትዬን የክርስትና ስም ወለተ ሥላሴን ብቻ አትጥሩ፤ የልጃቸው የክርስትና ስም ኃይለ ማርያም ነው፣ እስከ ዛሬ በሙታን ጸሎት ተጠርቶ አያውቅም። የእናትንም የልጅንም ነፍስ ይማርልን።