ቀዩን ያላየው ሰኢድ

ያን ቀን ላፕቶፔን ቦሌ ሩዋንዳ ካለው ቢሯችን መስኮት ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። የጻፍነው ፕሮግራም ለሦስት ቀን አልሠራ ብሎ ስክሪኑ በቀይ ስህተት ተሞልቷል፤ ደንበኛው ደግሞ ከሰዓት ይመጣል። ቢቸግረኝ ዓይነ ስውሩን ባልደረባችንን ሰኢድን ጠራሁት። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ኮምፒውተሩ ራሱ ከላይ ጀምሮ በድምፅ እንዲያነብለት አደረገ፤ ከፍጥነቱ የተነሳ ለእኔ የንብ ድምፅ ነበር። ወዲያው አስቆመው።

"አዲሱን ኮምፓይለር ጭነሃል አይደል? ማሽንህ ግን ኮዱን የሚተረጉመው አሁንም በአሮጌው ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ተናግሯል እኮ!"

እውነትም ከቀዩ ሁሉ በላይ በተራ ነጭ ቀለም ተጽፎ ነበር፤ ማሽኑ ካልተነገረው በራሱ የሚጠቀመው አሮጌውን ነበር። ቀየርኩት፤ ሠራ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

"ስንት ሰው አይቶት፣ እንዴት አመለጠን?"

"እናንተ ቀዩ ጋ ነው የምትሮጡት" አለኝ እየሳቀ፤ "እኔ ቀይ የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም።"