ባሌን ያስቀረው የራስ ቁር

በእኛ ጊዜ ቡታጅራ ላይ ባል ማግባቱ ቀላል ነበር፣ ባልን ቤት ማቆየቱ ነው እንጂ ጉዱ! ትሰሙኛላችሁ? ሁሉም አዲስ አበባ ይሄዳል፣ መርካቶ ይነግዳል፣ ለመስቀል ብቅ ይልና ክትፎውን በልቶ፣ ሚስቱን አስረግዞ ይመለሳል። ሴቷ ከእንሰቱና ከአማቷ ጋር ዓመቱን ትገፋለች። እኔ ታዲያ ገና ሳገባ «እንዲህስ አልሆንም» ብዬ ቆርጫለሁ፤ ቆርጫለሁ ብያችኋለሁ!

ባሌ ሳህሌ ቆርቆሮ ሠሪ ነበር፤ ኩራዝ፣ ማንቆርቆሪያ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ገበያው ቀዘቀዘበት እና አጎቱ ጋሽ ወልዴ ከመርካቶ ድረስ መጣ። ሆዱን ወደፊት ነፍቶ «ስማ አንተ፣ ይህን ኳኳታ ተወውና ሱቄ ግባ!» ይለዋል። ሳህሌ ደግሞ «ጋሼ፣ ትምህርት ቤቱ የጥንት ጦረኞች ትርኢት ሊያሳይ ነው፣ የራስ ቁሩን የምሠራው እኔ ነኝ። የአውራጃው ሰው ሁሉ ያየዋል። ካማረልኝ ሥራ አገኛለሁ፣ ካፈርኩ አብሬዎት እሄዳለሁ» አለው። እንግዲህ እዩት! የእኔ ትዳር በቃ በዚያ ቁር ላይ ወደቀ።

ቁሩን ከአሮጌ በርሜል ቀጠቀጠው፣ አማረ። ከሥሩ አንገት የሚሸፍን የሽቦ መረብ አለው፣ ቀለበት በቀለበት የተያያዘ፣ ትርኢቱን የሚያዘጋጀው መምህር «ጥሩር» ይለዋል። ከባድ ነው፣ ከባድ! ሳህሌ የቁሩን ጠርዝ በሳ በሳ አድርጎ መረቡን በሽቦ አሰረው። ልምምድ ላይ ታዲያ ጦረኛ የሆነው ተማሪ ፎክሮ አንዴ ዘለል ቢል፣ ሽቦው ቆርቆሮውን ቀደደውና መረቡ ዝርግፍ! መምህሩ እግር ላይ!

«ዋይ ጣቴን! አውጡልኝ ይህን ጉድ! በሱ ፈንታ ጆንያ ቀለም ቀብተን እናንጠለጥላለን፣ በቃ!»

ጋሽ ወልዴ ሳቀ፣ ሳቀ፣ ሳቀና «በል ዕቃህን ሸክፍ» አለው። ባሌም አንገቱን ደፋ።

እኔ ነደደኝ። «ማንም ዕቃ አይሸክፍም!» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ?» አለኝ አጎትየው።

«ባሌ ነዋ!»

ቁጭ ብዬ ቁሩን አገላበጥኩት፤ ሸክሙ ሁሉ ሽቦው ባለበት ባለበት ነው የሚጎትተው፣ ቆርቆሮው ምን ያድርግ? «ሳህሌ፣ ብረትና ብረቱን አታገናኝ፣ መሃል የቆዳ ጠፍር አግባ፣ ሸክሙን ዙሪያውን ያካፍለው» አልኩት።

«ጠፍሩንስ በምን እይዘዋለሁ?»

«በቃጫ።»

«ብረት በቃጫ?»

«ላሟ በምን ታሰረች? በእኔ ቃጫ አይደለም?»

ተነሥቶ ጠፍር አመጣ። እና ሠራን፣ ሁለታችን። እሱ በቁሩ ጠርዝ ዙሪያ ትንንሽ የሽቦ ጆሮ አወጣ፣ እኔ መረቡን ከጠፍሩ ጋር ሰፋሁት፤ ጠፍሩን በጆሮዎቹ ልክ በሳነውና ጆሮዎቹ ወደ ውጭ ብቅ አሉ፣ ከዚያ ራሴ ከእንሰት ፍቄ የገመድኩትን ቃጫ በየጆሮው አሳልፌ፣ ዙሪያውን አዙሬ ቋጠርኩት። ጣቴ ደማ፤ ይድማ!

ጋሽ ወልዴ ግን አያምንም። «እስቲ አጥልቀው» አለና መረቡን ጨብጦ ባሌን ግቢውን እንደ በሬ አዞረው። ሳህሌ «ኧረ ጋሼ! እሱ አይላቀቅም፣ የሚላቀቀው አንገቴ ነው!» ይላል፣ እኔ «ይጎትቱ፣ ይጎትቱ!» እላለሁ። ቃጫው ንቅንቅ አላለም።

በትርኢቱ ቀን ጦረኛው ዘለለ፣ ወደቀ፣ ተነሣ፣ በእንጨት ሰይፍ አንገቱን ተመታ፤ መረቡ ተንሿሿ እንጂ አልወረደም። ሕዝቡ እልል አለ፣ እኔ ግን አለቀስኩ፣ ምን ልደብቃችሁ! የአውራጃው ሹም «የማን እጅ ነው ይሄ?» ብሎ ጠየቀና ሳህሌን አስጠርቶ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ አሸንዳ እንዲሠራ አዘዘው። ጋሽ ወልዴም ብቻውን አውቶብስ ተሳፈረ።

«እማማ፣ ቃጫው ቢበጠስስ ኖሮ?» ብላ ጠየቀችኝ የልጅ ልጄ።

«በተረፈው የባሌን እግር አስር ነበራ! ምን መሰለሽ፣ የሚሄድ መስሎሽ?»