«እኔም ብሆን እንዳትወርጂ» ያሉት ወንድሜ

ኀዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ሁሉ፣ እኔ የሟች ታላቅ ወንድም ይህን ወረቀት ሳነብ ድምፄ ቢንቀጠቀጥ እርጅና አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

ወንድማችን የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ ከነበሩት አባታችንና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታችን የዛሬ ስድሳ ዓመት ተወለዱ። አባታችን ቀኝ እጃቸው ተቃጥሎ በቃሬዛ የመጡ ዕለት፣ የሰባት ዓመት ልጅ የነበሩት ወንድሜ አልጋ ሥር ገብተው አልወጣም ብለው አደሩ፤ ከዚያ ወዲህም እጃቸውን ሦስት ጊዜ በፎጣ ሳያደርቁ መብራት የማይነኩ ሆኑ፤ እኔም በዚህ ስንት ስቄባቸዋለሁ!

ይሁን እንጂ የፈሩትን ሸሽተው አልቀሩም፤ ምህንድስና ተምረው በኃይል ማከፋፈያ ተቀጠሩና ከሃያ ዓመት በኋላ ከመንገድ ሥር የተቀበረው፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ ኤሌክትሪክን ያለ ብክነት የሚያሳልፈው የሱፐርኮንዳክተር ገመድ ኃላፊ ሆኑ። ገመዱ በጥድፊያ ከቀዘቀዘ ስለሚጎዳ፣ አለቆቻቸው ባጣደፏቸው ቁጥር «ቆይ እስቲ» ይሉ ነበርና ቅጽል ስማቸው ይኸው ሆኖ ቀረ። በሠርጋቸው ቀን እንኳ የአዳራሹን የመብራት መስመር ካላየሁ ብለው ሙሽራቸውን ብቻቸውን ማስቀመጣቸውን ባለቤታቸው እስከ ዛሬ አልረሱላቸውም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራቸው ግን ናይትሮጅኑ ነበር። ሲያፈተልክ ሽታ የለው፣ ድምፅ የለው፤ ወለል ላይ እንደ ውሃ ተኝቶ አየሩን ይገፋል፤ ጎንበስ ያለ ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል፣ ሊያነሣው የወረደውም አጠገቡ ይወድቃል። ስለዚህ የበኩር ልጃቸው ቴክኒሻን ሆና ከእሳቸው ጋር ስትመደብ እንቅልፍ አጡ፤ ወደ ገመዱ በሚወረድበት ጉድጓድ አፍ ላይ አቁመውም፣ ሰው ወድቆ ብታዪ ያለ አየር ጭምብል እንዳትወርጂ፣ እኔም ብሆን እንዳትወርጂ ብለው አስማሏት።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ የገመዱን መጋጠሚያ ሊያዩ ወረዱ። ደኅና አየር ሲያንስ የሚጮኸው የደረት መለኪያቸው ጎንበስ ሲሉ እየተንጠለጠለ ስላስቸገራቸው መሰላሉ ላይ ሰቀሉት፤ ዕድሜ ልካቸውን ሌላውን ሲቆጡበት የኖሩት ስሕተት ነበር። መለኪያው የላዩን ደኅና አየር እየለካ ዝም አለ፣ እሳቸው ከታች ያፈተለከው ናይትሮጅን በተኛበት እንደተንበረከኩ ወደቁ። ጉድጓዱ አፍ ላይ የነበረችው ልጃቸው ጮኸች፤ ባልደረቦቿ ከጣቢያው ጭምብል ይዘው እስኪደርሱ ሰባት ደቂቃ ሙሉ መሰላሉን ጨብጣ አባቷን እያየች ቆመች። ጭምብሉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ለምን እንዳልነበረ የሚመለከታቸው ይመልሱ። ወንድሜ ሆስፒታል ሁለት ቀን ተኝተው ሳይነቁ ዐረፉ።

ከሐሙስ ጀምሮ «እንዴት አስቻላት?» ሲባል ሰምቻለሁ። እሷም ሰምታለች፤ እህል ከቀመሰች ሦስተኛ ቀኗ ነው። እንግዲህ የፈራሁት ይህን ነው፤ ወንድሜን ቀብሬ ልጃቸውን እንዳልደግም ፈራሁ። እባካችሁ! ወንድሜ ለአፍታ ቢነቁ ኖሮ መጀመሪያ የሚጠይቁት ወረደች ወይ ብለው ነበር። አልወረደችም።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ አንድ ወንድ ልጃቸውን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ ቃላቸውን በመጠበቋም በሕይወት ያለችውን ሴት ልጃቸውን ትተው አልፈዋል። ከፊት ተቀምጣለችና እጇን ሳትጨብጡ እንዳትሄዱ። ለሰው ሲፈሩ የኖሩትን የወንድሜን ነፍስ ፈጣሪ ሥጋት በሌለበት ያሳርፍልን፤ አሜን።