«ወዬ» ያሉት ሴትዮ

ውሃው አቃጠለሽ እንዴ የኔ ቆንጆ? አላቃጠለሽም? ጎሽ፣ አንገትሽን ለቀቅ አድርጊው… ሰፈሩን ወደድሽው? ገና አዲስ አይደለሽ፣ ትለምጂዋለሽ። የሚያስመርረው ዝናቡ ብቻ ነው። ቀኑን ጭጭ ብሎ ይውልና ልክ ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ ይጀምራል። ቤት ያለው ሰው ማለቴ ነው።

እንዴ! ካልሲሽን ምን ቀደደው? ደጃፉ ላይ ያለው ብረት? ወይኔ በሞትኩት! ሳልነግርሽ። እሱ እኮ ጌጥ ነው። ምን ያስቅሻል፣ ጌጥ ነው! ከትናንት ወዲያ ነው የተበየደው። ሹል ሹል ያለ ጌጥ አይተሽ አታውቂም? እኔም አላውቅም ነበር። ለበረንዳው ውበት ነው ተባልን። ቁጭ እንዳትይበት፣ ጋደም እንዳትይበት፣ ቆመሽ ብቻ እንድታደንቂው ተደርጎ የተሠራ ነው።

ነይ እዚህ ወንበር ላይ። ጸጉርሽን በትልቁ ቢጉዲን ልጠቅልልልሽ ወይስ በትንሹ? ትልቁ ይሻልሻል፣ ፊትሽን ያወጣዋል።

እሳቸውን ነው? ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ያሉትን? የሕንፃችን አስተዳዳሪ ናቸው። ኧረ ድምፅሽን አትቀንሺ! ካስኩ አሮጌ ነው፣ እንደ ወፍጮ ነው የሚጮኸው። እሱ ሥር የገባ ሰው ምንም አይሰማም… መስማት የማይፈልገውን። ነገ ትልቅ ስብሰባ አለባቸው፣ ፎቶም ይነሳሉ፣ ለዚያ ነው የማሳምራቸው። ደግሞ እንዳትሳሳቺ፣ አሁን የማጫውትሽ ስለ እሳቸው አይደለም። ምን ቆርጦኝ! ስለ ሌላ ሴትዮ ነው። ሌላ ሕንፃ፣ ሌላ ሰፈር… አታውቂያቸውም።

እኒያ ሴትዮ ደግ ናቸው ስልሽ፣ ደግ! ልባቸው ሰፊ ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ጠቅላላ ስታወጪው ክፍሉ አይሰፋም? እንደዚያ ሰፊ። ለደሃ ያላቸው ፍቅርማ አይነገርም። ከመኪናቸው መስኮት ሲያዩት ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፤ ወዲያው መስኮቱን ይዘጉታል፣ ነፋስ ገብቶ እንባውን እንዳያደርቅባቸው ነው መቼም። ብርድ ሲገባ ደግሞ ብርድ ልብስ ያድላሉ። በዓይኔ አይቻለሁ! ፎቶ አንሺያቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ በረንዳ የምታድረውን አሮጊት ብርድ ልብሱን ያስታቅፏታል፣ «ፕላስቲኩን እንዳትከፍቺው» ይሏታል፣ ፈገግ ይባላል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ያው ብርድ ልብስ ወደሚቀጥለው ደጃፍ ይሄዳል፤ እዚያም ፎቶ አለ አይደል? እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ልብሱን ነው ይዘው የሄዱት፣ ብርዱን ትተውላታል። ሁሉንም ጠራርገው አልወሰዱባትም።

ቀና በይ… እንደሱ።

ለማን ነው የሰጡት አትይኝም? ለእትዬ መርፌ ነዋ። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሰው ዋና ስሟን ረስቶት መርፌዋ ስሟ ሆኖ ቀረ። ዓይኗ ደከመ፣ ክሩ አልገባ አላት፣ ደንበኛ ሸሸ፣ የቤት ኪራዩ ቀደማት፣ ከዚያ በረንዳ። እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ስነግርሽ ቀላል ይመስላል አይደል? ሰው ደግሞ ጥያቄ አያልቅበትም። «ዘመድ የላትም?» ይላል። «ምን አጥፍታ ይሆን?» ይላል። እሷው አጠገብ ቆሞ እኮ ነው! ብቻ አንዱም «በላሽ?» ሳይላት ጃንጥላውን ይዘረጋና ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት ጸጉር ቤቱ ሲከፈት ካርቶኗን አጣጥፋ፣ ደጃፉን ጠርጋ ትጠብቃለች… ምነው? እዚያም ጸጉር ቤት አለ እንጂ! ጸጉር ቤት የሌለበት ሕንፃ የት አለ? እሷን አንቺ ነው የምላት፣ እወዳታለሁ። እኒያን ሴትዮ ግን አንቱ ነው የምላቸው… በጣም ነው የማከብራቸው።

ታዲያ አንድ ቀን ኮሚቴ ተጠራ። ሴትዮዋ ተነሥተው ስለ ጎዳና ተዳዳሪዎች ተናገሩ። አቤት አነጋገር! «ገጽታችን» አሉ፣ «ዘላቂ መፍትሔ» አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። እዚያ ያልነበርኩት እኔ እንኳን አጨበጨብኩ። ዘላቂው መፍትሔ ምን ሆኖ ተገኘ መሰለሽ? ብረት! ከብረት በላይ ምን ይዘልቃል? በዚያው አፋቸው አንድ ሕግ ጨመሩ፤ ሱቁ ውስጥ ሰው ያሳደረ ተከራይ ሱቁን ይለቃል። ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ። ለካ ጎዳና ተዳዳሪ ካለ ጎዳና አስተዳዳሪም መኖር አለበት! አንዷ ጎዳናው ላይ ትተዳደራለች፣ አንዷ ጎዳናውን ያስተዳድራሉ። ሥራ ተከፋፍለዋል እኮ፣ ምን ቅር ይለናል?

የኔ እመቤት፣ ሞቀዎት እንዴ? ፊትዎ ቀላ እኮ… ልቀንስልዎት? ይሁን ይቆይ? እሺ። አየሽ አይደል፣ ምንም አልሰሙም።

እንግዲህ ጉዱ አሁን ነው። የብየዳው ቀን ሴትዮዋ ራሳቸው በያጁ ራስ ላይ ቆመው ያሠራሉ። «እዚህ ጋ አጥብቀው፣ እዚያ ጋ ጨምርበት።» እትዬ መርፌ ካርቶኗን አቅፋ ጥግ ይዛለች። ዓይኗ አጥርቶ አያይም፣ ጆሮዋ ግን ድምፁን ያዘው። ቀና አለችና በአንድ የቤት ስም ተጣራች። ስሙን አልደግምልሽም፤ የሕፃን ስም ነው፣ ለዚያ ቦርሳና ለዚያ ጫማ አይሆንም። ልብ በይ እንግዲህ… ሰው በማዕረግ ሲጠራቸው ዞር ብለው የማያዩት ሴትዮ፣ ዞረው «ወዬ!» አሉ።

«ወዬ»! እንደ ልጅ! ከአፋቸው አመለጣቸው። እስቲ አንቺ ማንን ነው «ወዬ» የምትይው? ያሳደገሽን ሰው አይደል? አለቃሽን ትይዋለሽ? እጄ ላይ የነበረው ፎጣ ወደቀ። ምን እሠራ ነበር እዚያ? በዚያ ሳልፍ ነዋ፣ ፎጣ ይዤ! ሰው ፎጣ ይዞ አያልፍም?

እትዬ መርፌ ፈገግ አለች፤ «አደግሽልኝ አይደል! በልተሻል?» አለቻቸው። ሴትዮዋ ምን አሉ? ወደ በያጁ ዞረው «ቀጥል፣ ምን አፍጥጠህ ታያለህ?» አሉት። በቃ። ሥራ ወዳድ ናቸው፣ ሥራ ሲቋረጥ አይወዱም።

ኋላ እትዬ መርፌ አጫወተችኝ። ለመክሰስ እንዳይመስልሽ፣ ደስ ብሏት ነው! ሴትዮዋ ልጅ ሳሉ በአንዲት ፌስታል ልብሳቸውን ይዘው ከተማ ሲገቡ የሚቀበላቸው ሰው ጠፋ። መናኸሪያው ላይ ዝናብ ሲደበድባቸው ያነሳቻቸው እሷ ናት። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ ራስና እግር ሆነው… ተምረው ሥራ እስኪይዙ። ዩኒፎርማቸውን እሷ ሰፋች። ይህንን ጸጉር ከእኔ በፊት… ማለቴ ያንን ጸጉር፣ ከሌላ ጸጉር ሠሪ በፊት፣ ያበጠረችው እሷ ናት። «ኮራች እንጂ አልረሳችኝም፤ ወዬ ብላኛለች እኮ» ትለኛለች። አንጀቴን በላችው! እኔ ወጥቼ ልጮህ ምንም አልቀረኝ፣ እሷ ደስ ብሏታል!

አሁን የት ነው የምታድረው? ኧረ እኔ ምን አውቄ! ከመጋረጃው ጀርባ ሳል ሰማሽ? አይጥ ነው። ፎጣ የሚያጣጥፍ አይጥ። ትናንትም አድሯል፣ ዛሬም ያድራል፣ ዝናቡ ካለፈም በኋላ ያድራል፤ ፍራሽ ገዝቼለታለሁ። ሱቁን ልቀቂ የሚለኝ ሰው ካለ በቀን በብርሃን ይምጣ። ምንም አልጨቃጨቀውም። ያቺን አይጥ መጋረጃውን ገልጣ አንዴ በቤት ስሙ እንድትጠራው ብቻ ነው የማደርገው፤ ሰው በተሰበሰበበት። «ወዬ» ሳይል ካለፈ ቁልፉን በእጁ አስረክበዋለሁ።

ቆይ፣ ካስኩ ዝም አለ… አንቺ ቁጭ በይ፣ መጣሁ።

ይውጡ የኔ እመቤት! ኧረ እንዴት አምሮልዎታል! ነገ ፎቶው ላይ የሚያይዎት ሰው «እናት የመሰለች» ነው የሚለው። ፎጣውን ልቀበልዎት… ሽታው ደስ አይልም? በእጅ የታጠበ ነው፣ እጇን ሳያውቁት አይቀሩም። ምነው ላብ በላብ ሆኑ? ካስኩ ነው፣ አሮጌ ነው። እንግዲህ ዝናቡ ጀምሯል፣ ደጃፉ ላይ ቀስ ብለው ይርገጡ፣ ጌጡ እንዳይወጋዎት። ደህና ይደሩልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፣ እርጅናውን ያቅልልዎት… የመሸብዎት ቀን ደግሞ፣ ሲጣሩ «ወዬ» ብሎ የሚዞርልዎት፣ ልክ እንደ እርስዎ ያለ ደግ ሰው ፈጣሪ ይዘዝልዎት።