በደብተሬ ጀርባ የጻፍኳቸው ቁጥሮች

ሐሙስ መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡10
ቃል ሰጪ፦ የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ረዳት፣ ዕድሜ 17፣ ትምህርት 8ኛ ክፍል
አድራሻ፦ ከክሊኒኩ ጀርባ፣ ከአክስቷ ጋር (አክስቷ አብረው ቀርበዋል)

ከትናንት ወዲያ ስጠየቅ "ምንም አላየሁም" ብዬ ነበር። አይቻለሁ። ያልተናገርኩት ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ ነው፤ አክስቴም "ዝም አይነቅዝም" ይሉኛል። በእኔ ዝምታ ግን ቴክኒሻኑ ሁለት ሌሊት በእስር አደረ።

ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቴክኒሻኑ፣ እኛ "ሽቦ" የምንለው፣ የክሊኒኩን ዋና ኮምፒውተር ከርነል አደሰ። ከርነል ማሽኑን ከሥር ሆኖ የሚያሠራው ፕሮግራም ነው ብሎኛል። ከ4 ሰዓት ጀምሮ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የሕመምተኞች ካርድ በሐኪሞች ክፍል አልከፈት አለ። ሽቦ ገመዱን ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ሁለት ቁጥር አሳይቶኝ፣ "እህት ዓለም፣ አንቺ አፍሽ ቢሰንፍም ዐይንሽ አይሰንፍም። በየሩብ ሰዓቱ እነዚህን ጻፊልኝ" አለኝ። አንዱ የተያዘው ሚሞሪ በመቶኛ፣ ሌላው የኔትወርኩ ስህተት ብዛት ነው። ሚሞሪው በ4፡30 ላይ 41 ነበር፤ በ6 ሰዓት 68 ደረሰ። ስህተቱም አብሮት ወጣ። ሽቦ አይቶ፣ "አዲሱ ከርነል የተዋሰውን ዕቃ የማይመልስ ጎረቤት ሆነብን። ለኔትወርኩ ብሎ የወሰደውን ሚሞሪ አይለቅም" አለ።

ማሽኑን አጥፍቶ ወደ አሮጌው ከርነል ለመመለስ ሥራ አስኪያጁን ፈቃድ ሲጠይቅ በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። "ይሄ ሁሉ ሕመምተኛ ተሰልፎ? ከሥራ ሰዓት በኋላ ትነካካዋለህ" አሉት።

በ8፡15 ሚሞሪው 98 ሆነ፤ ኔትወርኩም ጭራሽ ሞተ። በ8፡20 አንዲት አያት ትኩሳት የያዘው ሕፃን አቅፈው ገቡ። ለሕፃኑ የማይስማማው መድኃኒት ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ አያቱ አያውቁትም፣ ሐኪሟም ካርዱን ሊያዩ አልቻሉም። ያው መድኃኒት በመርፌ ተሰጠው፣ ፊቱ አበጠ። ሽቦ የአያቱን ጩኸት ሲሰማ ፈቃድ ሳይጠብቅ በ8፡27 ማሽኑን አጠፋ። ሥራ አስኪያጁ የገቡት ያኔ ነው። "አጠፋው! በዐይኔ አየሁት!" አሉ፤ ካርዱ ያልተከፈተው በእሱ ነው ብለውም ከሰሱት። በ8፡34 ማሽኑ በአሮጌው ከርነል ተነሣ፤ ካርዱም ተከፈተ። ሕፃኑ አሁን ደህና ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደንግጠው ነው። ያዩትም እውነት ነው። ኔትወርኩ የሞተው ግን ማሽኑ ከመጥፋቱ 12 ደቂቃ ቀድሞ ነው።

መርማሪዋ ቁጥሮቹ የት እንዳሉ ጠየቁኝ፤ "አላስታውስም" አልኩ። ቃሌ ተነቦልኝ፣ የተናገርኩት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ ________ የአክስት ፊርማ ________ የመርማሪ ፊርማ ________

ከፊርማ በኋላ በቃል ሰጪዋ ጥያቄ የተጨመረ፦
"አላስታውስም" ያልኩት ውሸት ነው። ቁጥሮቹ ያሉት በግል ደብተሬ የመጨረሻ ገጾች ላይ ነው። ከፊት ባሉት ገጾች ያለው ለማንም ያልነገርኩት ነው፤ ስለ አክስቴም የጻፍኩት አለ። የቁጥሮቹን ገጽ ብቻ ገንጥዬ ላመጣ አስቤ ነበር። መርማሪዋ የተገነጠለ ወረቀት ክርክር ያስነሣል አሉኝ። አክስቴ ይህን ሲሰሙ፣ "እኔን ያማሽበት ገጽ ካለ አብሮ ይምጣ፤ ብቻ ሽቦ ይፈታ" አሉ። ደብተሩ ካርድ ክፍል፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ክሊኒኩ በዚሁ ጉዳይ ዛሬ ተዘግቷል። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ሲከፈት አንድም ገጽ ሳልገነጥል አመጣዋለሁ።

ፊርማ ________