ፕሮፌሰር ኦታካር ሶመርና ያልሸሸጉት ፊርማ

ይህን ሁሉ በረዶ አቋርጣችሁ የመጣችሁ ዘመዶች፣ ወዳጆችና የቀድሞ ተማሪዎቻቸው፣ የእህታቸው ልጅ በመሆኔ የአጎቴን ታሪክ አንብብ ተብያለሁና ጥቂት ጊዜ ታገሡኝ።

ፕሮፌሰር ኦታካር ሶመር ከኮርቻ ሰሪው ከአቶ ሂኔክ ሶመርና ከወይዘሮ ፊሎሜና በ1919 በመስከረም ወር ትሬቢች አጠገብ ባለችው መንደራችን ተወለዱ። አባታቸው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አንድ ጆሯቸው ደንቁሮ የተመለሱ ዝምተኛ ሰው ሲሆኑ፣ ልጃቸው ግን ገና በአምስት ዓመታቸው «ለምን?» ብለው ያልጠየቁት ነገር ስላልነበረ፣ አባትየው በደህናው ጆሯቸው እያዳመጡ «ይህ ልጅ ወይ ቄስ ይወጣዋል ወይ ጠበቃ፤ ለኮርቻ ግን አይሆንም» ይሉ እንደ ነበር እናቴ እየሣቀች ታወራልን ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በትሬቢች ፈጽመው በ1938 ፍልስፍና ለማጥናት ወደ ከተማችን ዩኒቨርሲቲ ቢገቡም፣ በሁለተኛው ዓመት ጀርመኖች የቼክ ዩኒቨርሲቲዎችን በሙሉ ስለ ዘጉ ትምህርታቸው ተቋርጦ በጡብ ፋብሪካ ተቀጠሩ። በዚያ ክፉ ዘመን መምህራቸው ፕሮፌሰር ሌኦ ኮናሽ ቢያዙ የሚደርስባቸውን እያወቁ በየእሑዱ በራቸውን ከፍተው አስተማሯቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኤርናም ከራሳቸው ድርሻ ቀንሰው የጎመን ሾርባ ያቀርቡላቸው ነበር፤ አጎቴ «ለማሰብም ለመብላትም የበቃሁት በዚያ ቤት ነው» ይሉ ነበር።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የዶክትሬት ማዕረጋቸውን ተቀብለው የፕሮፌሰር ኮናሽ ረዳት ሆኑ፤ በ1948ም የመድኃኒት ቀማሚዋን ወይዘሪት ሚላዳን አግብተው በሁለተኛው ዓመት ልጃቸውን ራድካን ወለዱ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን እንድዘልለው የመከሩኝ ሰዎች አሉ። ነገር ግን አጎቴ ራሳቸው ገና አንደበታቸው ሳይታሰር «ስሞት ስለዚያ ወረቀት ዝም ካላችሁ የቀበራችሁት እኔን አይደለም» ብለው አስጠንቅቀውኛልና አነበዋለሁ።

ራድካ የሁለት ወር ሕፃን ሳለች የገዥው የኮሚኒስት ፓርቲ አንድ ኮሚቴ አስጠርቷቸው፣ መምህራቸው የሕዝብ ጠላት መሆናቸውንና በየእሑዱም ይሰጡት የነበረው ትምህርት መርዝ እንደ ነበር የሚመሰክር ወረቀት ፊታቸው ቢያኖር፣ አጎቴ ፈረሙ። ስለዚያ ቀን የጠየቃቸውን ሁሉ «ምክንያት ነበረኝ፤ ሰበብ ግን የለኝም» ከማለት በቀር ሌላ መልስ ሰጥተው አያውቁም። ፕሮፌሰር ኮናሽ ከሥራቸው ተባርረው በእንጨት መጋዘን ተሸካሚ ሆኑ፤ በአራተኛውም ዓመት በሳንባ ሕመም ሞቱ። በቀብራቸው ዕለት አጎቴ ለመግባት ድፍረቱን አጥተው ከመቃብሩ አጥር ውጭ በዝናብ ቆመው ዋሉ።

ከዚያ በኋላ ፕሮፌሰርነት አገኙ፤ ሰው ለሰው ስለሚገባው ቃል የጻፉት መጽሐፍም ስማቸውን በየአገሩ አስጠራው፤ ሚላዳ እንደ ነገሩኝ ግን መጽሐፉ በተመሰገነ ቁጥር አጎቴ ሁለት ቀን እህል አይቀምሱም ነበር።

በ1968 ጸደይ ስለዚሁ መጽሐፍ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ሊናገሩ ቆመው ሳለ፣ ወይዘሮ ኤርናን ከሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠው ስላዩ ያዘጋጁትን ጽሑፍ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና የሠሩትን ከነቀኑ ተናገሩ። ወይዘሮ ኤርናም ተነሥተው፣ «ኦታካር፣ ወረቀቱን እኮ ያኔውኑ አሳይተውኛል። አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቅሁት አንተን ነው» አሏቸውና እጃቸውን ሳይጨብጡ ወጥተው ሄዱ። ይሁን እንጂ በወሩ የባላቸውን ያልታተሙ ጽሑፎች በሁለት ሻንጣ ለሚላዳ አስረክበው፣ «የባሌን የእጅ ጽሑፍ የሚያነብ ከኦታካር በቀር የለም። ይሥራበት» ብለው ላኩ።

በነሐሴ የሶቪየት ታንኮች ከገቡ በኋላ አጎቴ በአዳራሹ የተናገሩት ሐሰት ነው ብለው እንዲፈርሙ ቢታዘዙ፣ «አንድ ጊዜ ያልሆነውን ሆነ ብዬ ፈርሜአለሁ፤ አሁን ደግሞ የሆነውን አልሆነም ብዬ ልፈርም?» ብለው እምቢ ስላሉ በ1970 ተሰናብተው በከተማው የውኃ ማከፋፈያ ጣቢያ ተቀጠሩ። በዚያም ሠራተኞቹ «ዶክተር ቧንቧ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ አለቃቸው አቶ ቪሌም፣ ዛሬም እዚህ ከእኛ ጋር ያሉት፣ «ዶክተር፣ ማሰቡን ለነገ አቆየውና ቧንቧውን ዝጋ፤ ሰፈሩ ሊዋኝ ነው!» እያሉ ይጮኹባቸው እንደ ነበር ትናንት እያለቀሱ ነገሩን።

ዋጋውን የከፈሉት ግን ብቻቸውን አልነበረም። ራድካ ሐኪም መሆን ስትመኝ የእሳቸው ልጅ በመሆኗ ተከልክላ ዳቦ ቤት ስትገባ፣ «አባዬ፣ ስትፈርምም በእኔ፣ አልፈርምም ስትልም በእኔ ነው? እኔን መቼ ጠየቅኸኝ?» አለቻቸው። አባትና ልጅ አራት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ በቀር ሳይነጋገሩ ከኖሩ በኋላ፣ አንድ ቀን ራድካ አባቷ ደክሟቸው በኮናሽ ጽሑፍ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ብታገኛቸው፣ «ተነሥ፤ አንተ አንብብልኝ፣ እኔ በጽሕፈት መኪና ልጻፈው» ብላ ከጎናቸው ተቀመጠች፤ አሥራ አንድ ዓመትም አብረው ሠሩ።

በ1989 የኮሚኒስት ሥርዓቱ ሲለወጥ ወደ ማስተማሩ እንዲመለሱ ቢለመኑ፣ አስቀድሞ የፕሮፌሰር ኮናሽ መባረር እንዲሻር ጠይቀው፣ ያ ሲፈጸም አራት ዓመት አስተማሩ። የኮናሽም መጽሐፍ በ1991 ታተመ፤ በሽፋኑ ላይ የሟቹ ስም ብቻ እንዲሆን ያዘዙት አጎቴ ናቸው። ነገር ግን ወይዘሮ ኤርና መጽሐፉ ከመታተሙ ስድስት ዓመት ቀድመው ስላረፉ፣ «ይቅር ብዬሃለሁ» የሚለውን ቃል አጎቴ ከማንም ሳይሰሙት ቀሩ።

ሚላዳ በ1993 ሲለዩአቸው ቤቱ ጨለመባቸው። ከሦስት ዓመት በኋላም ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ አንደበታቸው ተያዘ፤ ዕድሜአቸውን በቃል የኖሩት ሰው ውኃ እንኳ በእጃቸው እያመለከቱ የሚጠይቁ ሆኑ። ራድካ ሐኪም ባትሆንም እንደ ሐኪም አስታመመቻቸው፤ ባለፈው ሐሙስ ማለዳም ጢማቸውን እየላጨቻቸው ሳለ፣ የሳሙናው አረፋ ከጉንጫቸው ሳይጠረግ፣ በሰባ ስምንት ዓመታቸው አረፉ።

ፕሮፌሰር ኦታካር ሶመር ልጃቸውን ራድካን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ቪትንና ሩትን፣ እናቴን እህታቸውን ቴክላን፣ እንዲሁም ያስተማሯቸውን ብዙ ሰዎች ጥለው አልፈዋል። የሰውን ልብ ሳይነገረው የሚያውቅ እግዚአብሔር፣ በታሰረው አንደበታቸው ሊሉት ፈልገው ያቃታቸውን እርሱ ሰምቶ፣ በዚህ ዓለም ሲጠብቁት የኖሩትን ምሕረት በራሱ ቃል ይንገራቸው፤ ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለራድካም ብርታትን ይስጥልን። አሜን።