ለሁላችንም የታየው አሮጌ የፍሬን ሸራ

ስሙኝማ፣ እስካሁን ደሜ ይፈላል። አዳማ አንድ ጋራዥ የፍሬን ሸራ ባስቀየርኩ በሦስተኛው ቀን፣ እናቴን ጭኜ ስሄድ ሞጆ መግቢያ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለኝ። የቆመ ተሳቢ ሥር ከመግባት ለጥቂት ተረፍን። መኪናዋን አስጎትቼ ተመለስኩና የጋራዡ ባለቤት ላይ ጮህኩበት፤ «ምኑን ነው የቀየርክልኝ?» እሱ ቅንጣት አልደነገጠም። «ወንድሜ፣ ያወጣሁትን አሮጌ ሸራ በዓይንህ አላየህም?» ብሎ አንድ ያለቀ ሸራ ከመደርደሪያው አንስቶ ሰጠኝ። እውነት ነው፣ ያን ቀንም ይህንኑ አሳይቶኝ አምኜው ሄጃለሁ።

አጠገቤ ተራ የሚጠብቅ የታክሲ ሹፌር ግን ከእጄ ተቀብሎ አገላበጠው። «ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ይሄ እኮ ባለፈው ወር ከታክሲዬ የወጣ ነው ብሎ ለእኔ ያሳየኝ ነው! ይኸው፣ ጠርዙ የተሸረፈው!» ለካ አንዱን አሮጌ ሸራ ለሁላችንም ያሳያል እንጂ ጎማችንን ፈትቶም አያውቅም! ሁለታችንም ከአጠገቡ ሳንነቃነቅ፣ ጎማ አስፈትተን፣ አዲስ ሸራ በዓይናችን እያየን አስገጠምን። አሮጌዎቹን በሙሉ፣ ያንን ጠርዙ የተሸረፈውንም ጨምሬ፣ ሰብስቤ ልሄድ ስል፣ ሰውየው አያፍርም፣ «አሮጌውን እንኳ ተውልኝ» አለኝ።

«የትኛውን?» አልኩት፤ «እናቴን ሊገድል የነበረውን ነው ወይስ ሰው የምታታልልበትን?»